ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጨረታና በሽያጭ ገጾቻችሁ ላይ ቤት፣ መጋዘን ወይም ባዶ ቦታ ሲወጣ አድራሻው የሚጻፈው ‹‹ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ›› እየተባለ ነው። መሀል ከተማ ላይ ይህ ያስኬዳል። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ላይ ግን ወፍጮ ቤቱ አምና ፈርሶ ይሆናል፤ ብሎኩም ከጎረቤቱ ብሎክ ጋር መንታ ነው። በቅየሳና በካርታ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነንና የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው፤ ከአድራሻው ሥር ቦታውን በካርታ ላይ የሚያመለክት ሁለት ቁጥር (አንዱ የሰሜን፣ አንዱ የምሥራቅ) ይጨመር፣ እያንዳንዱም ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ይኑረው። ለምን አምስት እንደሆነ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚያሳስት እናስረዳለን። ከከተማው ዳር ‹‹ጂፒኤሱ አሳስቶኝ›› የማይል ሾፌርና ዕቃ አድራሽ ስለጠፋ ረዘም ብንልባችሁ ታገሡን።

ጂፒኤስ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው ስልኩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ነጥብ ነው። በደንቡ ግን ጂፒኤስ የአሜሪካኖቹ ሥርዓት መጠሪያ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ሥርዓቱ ሙሉ አገልግሎት መጀመሩ የታወጀው በ1995 ነው። ሩሲያ ግሎናስ፣ አውሮፓ ጋሊሊዮ፣ ቻይና ደግሞ ቤይዱ የሚባል የየራሳቸው አላቸው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው መካከለኛ ስልክ ብዙውን ጊዜ አራቱንም ያዳምጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወነጨፈው የእኛው ኢቲአርኤስኤስ-1 ከእነዚህ ወገን አይደለም፤ እሱ የተሠራው መሬትን ከላይ ሆኖ ፎቶ እንዲያነሳ ነው። ይህን የምንጠቅሰው ‹‹የራሳችን ሳተላይት መጥቆልን ለምን መንገድ እንስታለን›› የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው።

አሠራሩ ከቅየሳ ገመድ ብዙም አይርቅም። ሠላሳ ገደማ የሚሆኑት የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው በቀን ሁለት ጊዜ ምድርን ይዞራሉ። እያንዳንዱ ያለማቋረጥ የሚለው ሁለት ነገር ነው፤ የት እንዳለና በሰዓቱ ስንት እንደሆነ። ስልኩ ድምፁን ሲሰማ መልእክቱ ከተላከበት እስከደረሰበት ያለውን ጊዜ ያሰላል። ክረምት ላይ መብረቅ ብልጭ ካለ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪመጣ እንደምንቆጥረው ማለት ነው፤ ሦስት ሰከንድ ከቆጠርን መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወድቋል። ልዩነቱ የሬዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት መሆኑ ነው። ያንን ሁሉ ርቀት ለማለፍ የሚፈጅበት 0.07 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው።

አሁን ገመዱን እናምጣ። ከአንድ ካስማ 20 ሜትር ርቀሃል ቢሉህ በካስማው ዙሪያ ባለው ክብ ላይ የትም ልትሆን ትችላለህ። ከሁለተኛው ካስማ ያለው ርቀት ሲነገርህ ሁለት ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ሦስተኛው ገመድ አንዱን ይለያል። በሜዳ ላይ ሦስት ካስማ በቃ። ሰማይ ላይ ግን አራት ሳተላይት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ የስልኩ ሰዓት ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ይዘዋል፣ ስልኩ ደግሞ ጥቂት ብር የሚያወጣ ክሪስታል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት መሬት ላይ 300 ሜትር ነው። አራተኛው ሳተላይት ስልኩ የራሱን ሰዓት ስህተት እንዲያገኝና እንዲያርም ያስችለዋል። ለዚህ ነው ርካሽ ስልክም የአቶሚክ ሰዓት ያህል ጊዜ የሚያውቀው፤ ብዙ የስልክ ኔትወርኮችም ሰዓታቸውን የሚያመሳስሉት ከዚሁ ነው። ሌላው የሚያስደንቅ ነገር፣ ሳተላይቶቹ ከፍ ብለው በፍጥነት ስለሚጓዙ ሰዓታቸው እዚህ ምድር ላይ ካለው በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማል። አንስታይን በቀመሩ ያስቀመጠው ነው። ልዩነቱ አስቀድሞ ባይታረም ኖሮ ስህተቱ በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር ያህል እየጨመረ፣ ጠዋት አያት አደባባይ የነበረች ነጥብ በማግስቱ ጠዋት ከለገጣፎ ማዶ ትገኝ ነበር።

እንግዲህ ስልኩ አድማጭ ብቻ ነው። ወደ ሳተላይቱ አንዳች አይልክም፤ ሳተላይቱም ማን እንዳዳመጠው አያውቅም። ‹‹በሳተላይት እየተከታተሉኝ ነው›› የሚል ሰው ሥጋቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ አድራሻው ግን ተሳስቷል፤ ያለበትን የሚናገርበት ስልኩ ውስጥ ፈቃድ የሰጠው መተግበሪያ ወይም መኪናው ውስጥ የተገጠመው ሲም ካርድ ነው። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም የምንለውም ለዚህ ነው። ዳታ የሚበላው ከነጥቧ ሥር የሚታየው ካርታ ነው። ከቤት ሳይወጡ በዋይፋይ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን ካርታ አውርዶ ያስቀመጠ ሰው፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዳታ ዘግቶ እንኳ ያለበትን ያያል።

ኢንተርኔት አንድ ቦታ ላይ ይጠቅማል፤ ስልኩ መጀመሪያ ሲነሳ። ሳተላይቱ ያለበትን ዝርዝር የሚናገረው በሰከንድ 50 ቢት በሚባል የኤሊ ፍጥነት ነው። የራሱን መረጃ ለመጨረስ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ የሁሉንም ሳተላይቶች ማውጫ ለመጨረስ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ዳታ ካለ ስልኩ ይህን ከኔትወርክ በአፍታ ያወርዳል፤ ከሌለ ከሰማይ እስኪሰማ ይጠብቃል። ስለዚህ ለቀናት ጠፍቶ የቆየ ስልክ ዳታ በሌለበት ሲከፈት ወዲያው ነጥብ ካላሳየ አልተበላሸም። ደጅ ይውጡ፣ ሰማይ በሚታይበት ቆመው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይስጡት። እየሄዱ ከሆነ መልእክቱ በየመሀሉ ይቆራረጣል፤ መቆሙ ያፈጥናል።

ቤት ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። የሳተላይቱ ምልክት ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሆነ የኮንክሪት ወለል አያልፍም። ስልኩ ግን ዝም አይልም፤ ከአካባቢው ዋይፋይና ከስልክ ማማ ተነሥቶ ይገምታል። መሀል ከተማ ዋይፋዩ ስለሚበዛ ግምቱ ደህና ነው። ከዳር ሰፈሮች ዋይፋዩ ጥቂት፣ ማማውም የተራራቀ ስለሆነ ግምቱ በመቶዎች ሜትር፣ አንዳንዴም ከኪሎ ሜትር በላይ ሊስት ይችላል። በሰማያዊዋ ነጥብ ዙሪያ የሚታየው ደብዛዛ ክብ ይህንኑ ነው የሚነግረን። ክቡ ሰፈሩን ሁሉ ከዋጠ ስልኩ ‹‹እዚህ ውስጥ የሆነ ቦታ ነህ›› እያለ ነው። አንድሮይድ ላይ ትርጉሙ እውነተኛው ቦታ ከክቡ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 68 ከመቶ ነው ማለት ነው፤ ከሦስት አንዴ ከክቡ ውጭ መሆን ያለ ነው።

በተለይ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የሚዛወር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ካዛንቺስ የነበረ ሰው የዋይፋይ ሳጥኑን ነቅሎ ቱሉ ዲምቱ አምጥቶ ሲሰካው፣ የካርታ ኩባንያዎቹ መዝገብ ውስጥ ሳጥኑ አሁንም ካዛንቺስ ነው ያለው። ሳሎን ተቀምጦ ሎኬሽን ሲልክ የድሮ ሰፈሩ ይላካል! መዝገቡ በጊዜ ብዛት በራሱ ይስተካከላል። እስከዚያው መድኃኒቱ ዋይፋዩን ዘግቶ በረንዳ ወይም ደጅ መውጣት ነው።

ደጅ ወጥተውም ብሎኮች መካከል ሌላ ጣጣ ይጠብቃል። ጂ+7 በሆኑ ሁለት ሕንፃዎች መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ሰማይ አንድ ቁራጭ ነው። በቀጥታ የሚታዩት ሳተላይቶች ሦስት አራት ቢሆኑ ነው፤ የቀሩት ድምፃቸው የሚደርሰው ከግድግዳው ወይም ከቆርቆሮው አጥር ነጥሮ ነው። የነጠረ ድምፅ ረዥም መንገድ ተጉዟልና ስልኩ ርቀቱን አብዝቶ ያሰላል። ቆሞ የነበረ ሰው ነጥቡ ከብሎክ ወደ ብሎክ ስትዘል የሚያያት ለዚህ ነው። ሞተረኛው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ስልኩን ይዞ ከመሽከርከር፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ወይም ወደ ሜዳው 30 ሜትር ወጣ ብሎ ነጥቧ እስክትረጋ 20 ሰከንድ ቢጠብቅ ይሻለዋል። ኤል5 የሚባለውን ሁለተኛ ሞገድ የሚቀበል ስልክ ይህን ችግር በደንብ ይቀንሰዋል፤ እንዲህ ያሉ ስልኮች ገበያ ላይ መውጣት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ነው። ስልክዎ ይኑረው አይኑረው ጂፒኤስ ቴስት የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ጭኖ ማየት ይቻላል።

ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ከአድማስ እስከ አድማስ በሚታይበት፣ ደህና ስልክ 5 ሜትር ያህል ይስታል። ከዚህ በላይ ከጠፋን ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የካርታው ነው፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ሳተላይቱ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። መንገዱን የሣለው፣ ስሙን የጻፈው፣ ‹‹ወደ ቀኝ ታጠፍ›› የሚለው ሰው የሠራው ካርታ ነው። ኮብልስቶን የተነጠፈበት አዲስ መንገድ ካርታው ላይ የለም፤ በአጥር የተዘጋው የድሮ መንገድ ግን አለ። በኮሪደር ልማቱ አቅጣጫ የተቀየረባቸውና የተሰፋባቸው መንገዶችም ካርታው ላይ እስኪስተካከሉ ጊዜ ይወስዳሉ። የቦታ ስሞችም በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደየጸሐፊው ይለያያሉ። በአማርኛ ፊደል ፈልጎ ያጣ ሰው በላቲን ሁለት ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይሞክር፤ ያም ካልሆነ ስሙን ትቶ በቁጥር ይሂድ።

ከካርታ ስህተት የከፋው የአዳማው ፈጣን መንገድ አካባቢ የሚያጋጥመው ነው። መተግበሪያዎቹ ነጥቧ ከመንገድ ወጣ ስትል በአቅራቢያው ወዳለው መንገድ ይስቧታል፤ አለዚያ መኪናው እርሻ ውስጥ የሚሄድ ይመስላልና። ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ሲሄዱ ግን የ10 ሜትር ስህተት ይበቃል፤ በቱሉ ዲምቱ በኩል በታችኛው መንገድ የሚነዳ ሰው ፈጣን መንገዱ ላይ ያለ ይመስለዋል። መኪናው ማቋረጫ ላይ ሲደርስ ‹‹ቀጥል›› ይለዋል። በተቃራኒው ከሆነና ፈጣን መንገዱ ላይ ላለ ሰው ‹‹አሁን ታጠፍ›› ካለው ደግሞ አጥር አለ፣ መውጫ የለም። እዚህ ላይ የመንገድ ዳር ምልክቱን ማመን ነው።

ወደ ላኪው እንምጣ፤ ግማሹ ስህተት የሚሠራው እሱ ጋር ነው። ቴሌግራም ላይ የወረቀት ማያያዣዋን ምልክት ነክተው ሎኬሽን ሲሉ፣ አሁን ያለሁበትን ላክ ከሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል ስህተቱ በሜትር ተጽፏል። 600 ሜትር የሚል ከሆነ አይላኩ። ደጅ ወጥተው ከ15 በታች እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ቁጥሩ አልወርድ ካለ ስልኩ ለመተግበሪያው የሰጠው ፈቃድ ‹‹ግምታዊ ቦታ›› ብቻ መሆኑን ይመርምሩ፤ ባትሪ ቆጣቢውም በርቶ ከሆነ ያጥፉት። የሳተላይት ምስሉን ከፍተው ፒኑን በጣት ወደ በርዎ መጎተትም ይቻላል። ለግቢ የሚላከው የበሩ ቦታ ነው፣ የሳሎኑ አይደለም፤ ግቢው ሁለት መንገድ የሚያዋስነው ከሆነ መተግበሪያው እንግዳውን ከጓሮ አጥር ሥር ያቆመዋል። ‹‹ቀጥታ ሎኬሽን›› የሚባለው ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ቤት ቆሞ ለሚጠብቅ ባትሪ ከመጨረስ በቀር አይረባውም።

ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ቁጥሩን በስልክ ማንበብ ይቻላል። ካርታው ላይ ቦታውን በጣት ተጭነው ሲቆዩ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ያለው ነው። አንድ ዲግሪ በእኛ አካባቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ ቢጻፍ 110 ሜትር ድረስ ይለያል፤ አራት አሃዝ 11 ሜትር፣ አምስት አሃዝ 1 ሜትር። ከዚያ በላይ ያለው ስልኩ የማያውቀውን ዐውቃለሁ ማለት ነው፤ ሰባት አሃዝ ሴንቲ ሜትር ነውና። አምስት የምንለው ለዚህ ነው።

ሲነበብ አንድ አንድ አሃዝ እየለዩ ይሁን። ሰሚውም መልሶ ያንብብ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር በ8 ወይም በ9፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል፤ ካልሆነ ስህተት አለ። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይህስ ወዲያው ይታወቃል። የማይታወቀው የዲግሪ፣ የደቂቃና የሰከንድ አጻጻፍ ነው። 9 ዲግሪ ከ1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚለውን 9.0130 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ትክክለኛው 9.0250 ስለሆነ 1.3 ኪሎ ሜትር ስቷል፤ ካርታው ላይ ሲታይ ግን ሰፈሩ የሚመስል ቦታ ነው። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍሎ መደመር ነው። ፕላስ ኮድ የሚባለው አጭር ኮድ ለቤት ፍለጋ ጥሩ ነው፤ ሙሉው ባለ አሥር ፊደል ኮድ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሆነች ቁራጭ መሬት ያመለክታል። በወሬ ሲነገር ግን ፊደሎቹ ስለሚምታቱ በጽሑፍ ይላክ።

አሁን ደግሞ የምንፈራው ነገር። በእኛ ሀገር ካርታ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ የመንገዱ ሥዕል፣ ሌላው ይዞታ ማረጋገጫው። ሰዎች የሁለተኛውን ቁጥር አንሥተው በአንደኛው ላይ ይፈልጉታል፤ ጠብ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ላይ ኤክስና ዋይ እየተባሉ የሚጻፉት ቁጥሮች በዲግሪ ሳይሆን በሜትር ናቸው፣ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን የሚባለው። የአዲስ አበባ ምሥራቁ 470 ሺህ ገደማ፣ ሰሜኑ አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው። የዱሮዎቹ የሀገራችን ካርታዎች የተሠሩት ደግሞ አዲንዳን በሚባል መነሻ (ዳተም፣ ቁጥሩ የሚቆጠርበት መሠረት) ነው፤ መነሻ ነጥቡ በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ነው፣ የምድርንም ቅርጽ የወሰደው ክላርክ የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1880 ካሰላው ነው። ስልኩ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ነው። አንዱን እንዳለ በሌላው ላይ የጫነ ሰው ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር፣ ወደ ሰሜን ከ200 ሜትር ጥቂት በለጥ ይስታል። ‹‹ካርታው የጎረቤቴን ግቢ ያሳየኛል›› የሚሉ ብዙዎቹ ክሶች ይህን ይመስላሉ፤ ማንም ቦታ አልሰረቀም፣ መነሻው ተለያየ እንጂ። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ቁጥሩ በየትኛው ዳተም ተጻፈ የሚለው ነው። ያልተጻፈበት ሰነድ ካለ ከባለሙያ ሳያማክሩ አይቆፍሩ።

ዳተሙ ቢስተካከልም ስልክ ለድንበር አይሆንም። ስሌቱን እናሳይ። 10 በ20 የሆነ 200 ካሬ ሜትር ቦታ አራቱ ማዕዘኖች እየብቻቸው በየአቅጣጫው 3 ሜትር ቢሳሳቱ ስፋቱ ላይ የሚመጣው ስህተት 67 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሶ መሆኑ ነው። አንድ ሄክታር የጤፍ ማሳ በዚሁ ስልክ ቢለካ ስህተቱ 420 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከማሳው 4 ከመቶ ነው። ስንት ዳፕ ይግዛ ለሚል ገበሬ ይህ ይበቃዋል። በመቶ ሺህ ብር የሚዋዋል ሰው ግን ዙሪያውን በስልክ ዞሮ ‹‹አሥራ አምስት ካሬ ጎደለ›› ሊል አይችልም። ድንበር የሚለካው በሁለት መሣሪያ ነው፤ አንዱ ቁጥሩ በታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ሌላውን ቀያሹ ይዞ ማዕዘን ማዕዘኑን ይዞራል። የቆመው ሰማዩ ያመጣበትን ስህተት እያሰላ በሬዲዮ ወይም በሲም ካርድ ለተንቀሳቃሹ ይልክለታል። ርቀታቸው ከ10 ኪሎ ሜትር ካልበለጠ ስህተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዛፍና ግድግዳ ሲጋርድ ሳተላይት ሳይፈልግ ማዕዘንና ርቀት የሚለካው ቶታል ስቴሽን የሚባለው መሣሪያ ይተካዋል። ቀያሹን ሁለት ነገር ይጠይቁት፤ ከየትኛው የታወቀ ነጥብ ተነሣህ፣ ሲጨርስስ ተመልሶ ያንኑ ነጥብ ለክቶ ስንት አገኘ። መልስ የሌለው ሰው ገንዘብ አይውሰድ።

የሰማዩን ነገር ካነሣን አይቀር፣ አዲስ አበባ የመግነጢሳዊው ምድር ወገብ አጠገብ ናት። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በላይኛው ከባቢ አየር ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ መሰል ሁከት የሳተላይቱን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል፤ በተለይ መስከረምና መጋቢት ላይ። ስልክ የያዘ ሰው ላያስተውለው ይችላል፣ የቅየሳ መሣሪያ ግን ምልክቱን ይዞ መቆየት ያቅተዋል። ሌሊት ላይ ለመቀየስ ያሰበ ቢኖር ሥራውን ለጠዋት ያሳድረው።

መኪና ላይ ስለሚገጠመው መከታተያ ትንሽ እንበል። ዕቃው ውስጥ ያሉት የጂፒኤስ ተቀባይ፣ ሲም ካርድና ትንሽ ባትሪ ናቸው። ‹‹ጂፒኤሱ ጠፋ›› ሲባል በመጀመሪያ የሲሙን ሂሳብ ይዩ። ቀጥሎ አንቴናው ወደ ሰማይ መዞሩንና በላዩ ላይ ብረት አለመኖሩን፤ ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሥር ይሠራል፣ ከመኪናው ሞተር ክዳን ሥር ግን አይሰማም። ኔትወርክ በሌለበት ደህናው ዕቃ ጉዞውን መዝግቦ ኋላ ይልካል፤ ሪፖርቱ ዘግይቶ መጣ ማለት ሾፌሩ ዘጋው ማለት አይደለምና ከመክሰስ በፊት የመዘገበበትን ሰዓትና የላከበትን ሰዓት ለይቶ ማየት ነው። አሮጌ ዕቃ ቀኑን 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መልሶ ከጻፈ ደግሞ ሌላ ነገር አይደለም፤ ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1,024 ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ቆጠራው ወደ ዜሮ ተመልሷል። የሚስተካከለው በሶፍትዌር ነው፣ ካልሆነም ዕቃውን በመለወጥ። በሲጋራ መለኮሻ የሚሰካው ማፈኛ የሚባለው ዕቃ ግን ከባለቤቱ መኪና አልፎ በአጠገቡ ያለውን ሁሉ፣ አምቡላንስም ይሁን ቀያሽ፣ ያደነቁራል። እንዲህ ያለውን የሚሸጥ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ቢያስብ መልካም ነው።

ወደ ልመናችን እንመለስ። በጨረታው ማስታወቂያ ሥር እንዲህ ቢጻፍ ይበቃናል፦ ‹‹ሰሜን 8.87500፣ ምሥራቅ 38.81000፤ ዳተም ደብሊውጂኤስ 84፤ የተነበበው ከግቢው በር ላይ››። ቁጥሩ ለናሙና የተጻፈ ነው። አስነጋሪው ከይዞታ ማረጋገጫው ላይ ገልብጦ ካመጣው በሜትር ይሆናልና አትቀበሉት፤ ከበሩ ላይ ቆሞ ራሱ ያንብብ። ማረሚያ ክፍላችሁ በ8 ወይም በ9 እና በ38 መጀመሩን፣ አሃዞቹም አምስት አምስት መሆናቸውን ቢያይልን፣ ነጥቡ በነጠላ ሰረዝ እንዳይለወጥ፣ ገጽ አቀናባሪውም ቁጥሩን በሁለት መስመር እንዳይሰብረው ቢነገርልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቅየሳና የካርታ ሥራ ባለሙያዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ